መካሪ በሞላበት ሰፈር ሳጥን መቀባት

ድሬዳዋ፣ መጋላ ውስጥ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ የለም። ቤት አለ፤ ሥራም አለ፤ ሁለቱ ግን አይገናኙም። ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ሲተፋ ስለሚያድር፣ ድሬዎች ኑሯችንን ደጅ ካወጣነው ቆየን። ልብስ የሚታጠበው ደጅ፣ ሳንቡሳ የሚጠበሰው ደጅ፣ ልጅ የሚቆጣው ደጅ፣ ባልና ሚስት የሚኳረፉት ደጅ ነው። የሚታረቁትም እዚያው ነው፤ ያውም አስታራቂ ሳይጠራ በራሱ መጥቶ። ደጅ የወጣ ነገር ደግሞ የሰፈሩ ነው። ሬድዮ ፈትተህ ብትቀመጥ ሬድዮ የሚያውቅ ሰው ከአራት አቅጣጫ ይደርሳል። ጥርስህን ይዘህ ብትወጣ አንዱ ቅርንፉድ፣ ሌላው ጨው፣ ሦስተኛው ደግሞ የእሱን ጥርስ የነቀለለትን ሰው ስልክ ይዞልህ ይመጣል።

የሞተር ብስክሌቴን የጎን ሳጥኖች «እቤቴ ቁጭ ብዬ» አድሼ እቀባለሁ ብዬ የተነሳሁት እንግዲህ በዚህ ሰፈር ነው።

ስለ ሳጥኖቹ ላስረዳ። ድሬ የባጃጅ ከተማ ናት፤ ሞተር የሚነዳውም ቢሆን አብዛኛው ዕቃውን ከኋላ በላስቲክ ገመድ ጠፍንጎ ነው የሚሄደው። በግራና በቀኝ የሚንጠለጠል፣ ክዳንና ቁልፍ ያለው ጠንካራ የፕላስቲክ ሳጥን ብዙ ጊዜ የሚታየው በመሥሪያ ቤት ሞተር ላይ ነው። የእኔም የመሥሪያ ቤት ነበር። አንድ ድርጅት ፕሮጀክቱን ጨርሶ ሲወጣ ንብረቱን በጨረታ ሸጠ፤ ሞተሩ ከነሳጥኖቹ፣ ሳጥኖቹም ከነአርማቸው እጄ ገቡ። አርማውን ፀሐይ ስለበላው ምን እንደሆነ አይለይም። ከሩቅ ሁለት እጅ ይመስላል፤ ጠጋ ሲሉት የማሽላ ዛላ ይሆናል። ለመጋላ ግን ይበቃል፤ ነጭ ሳጥን ላይ አርማ ከታየ እርዳታ ነው። በየመንደሩ በገባሁ ቁጥር «ዘይቱ መቼ ነው የሚመጣው?» የሚለኝ አይጠፋም። «ኧረ እኔ ሞተሩን ገዝቼው ነው!» ስል «እሺ፣ ስንዴውስ?» ይሉኛል። አንዲት እናት እንዲያውም የመታወቂያዋን ኮፒ ከሳጥኑ ክዳን ሥር ሸጉጣልኝ ሄዳለች፤ ጀርባው ላይ የቤተሰቧ ብዛት ተጽፎበታል።

የጭረቱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለችው ከዚራ፣ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ሲደርስ ፈረንሳዮቹ በማስመሪያ አስምረው፣ ዛፍ ተክለው የዘረጓት ናት፤ እዚያ የጎን ሳጥን ቀርቶ ክንፍ ያለው ሞተርም ያልፋል። መጋላን ያሰመራት ግን እግር ነው። ሰው የሄደበት መንገድ ሆነ፤ አህያ የሄደበት መንገድ ሆነ፤ ሁለቱ ተገናኝተው የቆሙበት አደባባይ ሆነ። ወገቡ ላይ ሳጥን አንጠልጥሎ የሚመጣ ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሞተር ነጂ ደግሞ ከፊቱ የሚያየው መሪውን ነው፤ መሪው ካለፈ ሁሉም ያለፈ ይመስለዋል። ሳጥኑ ግን ከኋላ ግድግዳውን እየፋቀ፣ የሰዉን ኖራ እየለበሰ ይከተላል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ጭረት አድራሻ አለው። በቀኙ ሳጥን ላይ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋው፣ ከቀፊራ ገበያ ቅስት በር አጠገብ ሽንኩርት ከጫነ ጋሪ ጋር ስንተላለፍ የተገኘ ነው። አጫጭሮቹንና ጥልቆቹን የጻፈችው ማገዶ የጫነች ግመል ናት፤ ጎኗን ዞር ስታደርግ የእንጨቱ ጫፍ ሁሉ አብሮ ዞረ። ባለቤቷን «ግመልህ ሳጥኔን ጫረችው» ብለው፣ ግመሏን ቀና ብሎ አይቶ «አንተም ቀለምህን አስነካሃት» አለኝ። በግራው ሳጥን ላይ ያለውን ሰማያዊ ፍቅፋቂ ደግሞ ባጃጆች ተባብረው ነው የሠሩት፤ የትኛው መቼ እንዳስቀመጠው ለመለየት መርማሪ ያስፈልጋል።

ባለሙያ ዘንድ ያልወሰድኩት ንቄ አይደለም። መኪና ቀቢ ዋጋ ሲነግርህ የሚያየው ሳጥኑን ሳይሆን ጫማህን ነው። በጫማህ ብትስማሙ እንኳ «ነገ» ይልሃል፤ የድሬ ነገ ደግሞ እስከ እኩለ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የጫት በርጫ ነው።

ቀለም ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ የምቀባውን ሲሰማ አንድ ብርጭቆ ወረቀትና አንድ ጣሳ ስፕሬይ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። «ይሄ ይበቃሃል አቦ! ላዩን ፈተግ ፈተግ፣ ከዚያ ፍፍፍ ነው!» አለ፤ «ፍፍፍ» ሲል በእጁ ሳጥኑን ቀብቶ ጨረሰው። እኔ ግን ባለ 320፣ ባለ 600 እና ባለ 1000 ብርጭቆ ወረቀት፣ ስቱኮ፣ የፕላስቲክ ፕራይመር፣ ክሊርና የወረቀት ፕላስተር ስጠይቀው ዓይኑን አጠበበ። «መኪና ነው እንዴ የምትቀባው?»

ብዙ ሰው ስፕሬይ ለችኩል የተፈጠረ ይመስለዋል። የጣሳ ስፕሬይ ቀለምን እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጣው ኤድዋርድ ሲይሞር የሚባል የኢሊኖይ ቀለም ሰው ነው። ጭንቀቱ ለቤት ማሞቂያ የሚሆነውን የአሉሚኒየም ቀለሙን ለደንበኛ እንዴት አሳይቶ እንደሚሸጥ ነበር፤ ቀለሙን ጣሳ ውስጥ አምቆ መርጨትን ያመለከተችው ሚስቱ ቦኒ ናት። ለቤት ማሞቂያ የታሰበው ዘዴ፣ ማሞቂያ የሚባል ነገር ቢያዩ በሳቅ የሚሞቱ ሰዎች ሰፈር መድረሱ አንድ ነገር ነው። ዕቃው ራሱ ግን የምክር ልጅ ነው፤ ሲይሞርን የጠቀመው መካሪው አንዲት ብቻ መሆኗ ይመስለኛል።

የእኔን ከዚህ ልጀምር። ሳጥኖቹን ፈትቼ ደጅ ሳወጣ መጀመሪያ የደረሰው ሼፍ ነው። ሼፍ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። ዕድሜውን የፈጀው እዚሁ ድሬ ባለው የባቡሩ መጠገኛ አትሊዬ ውስጥ ፉርጎ ሲቀባ ነው፤ ድርጅቱ በፈረንሳይኛ ይሠራ ስለነበር ስሙንም ማዕረጉንም ከዚያው ይዞት ወጣ። ዕድሜው ሰባን ተሻግሯል። እንግዳ ሰው «አንቱ» ሲለው ምን አጥፍቼ ይሆን ብሎ ይደነግጣል፤ እኔም የሰፈሩ ልጅ ስለሆንኩ አንተ እለዋለሁ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ምን ቀለም ልትቀባው ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ሼፍ ብቻ በርጩማውን ይዞ መጥቶ ተቀመጠና «በምን ልታጥበው ነው?» አለኝ።

ነገሩ ለካ እዚህ ላይ ነው። ቆሻሻ ሳጥን አንስተህ መፈተግ ከጀመርክ ቅባቱን አታወጣውም፤ ከጭረቱ ውስጥ ታስገባዋለህ። በእኔ ሳጥኖች ላይ የነበረው ቅባት ደግሞ የዓይነቱ ብዛት! የሰንሰለት ዘይት አለ፤ ክዳኑን ከፍተው «ምን ይዘሃል?» ያሉ ልጆች የሳንቡሳ እጅ አለ። ከሁሉ የከፋው ግን የባጃጅ ልጆች ፕላስቲክ የሚያብለጨልጩበት ሲሊኮን ነው፤ አንዱ ጎረቤቴ ደስ ሊያሰኘኝ ብሎ ሳጥኖቹን ወልውሎልኝ ነበር። ሲሊኮን ያለበት ቦታ ላይ ቀለም አይቀመጥም፤ ይሸሻል፤ የሸሸበትም ቦታ ክብ ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በላርጎና በሙቅ ውኃ ታጠበ፤ ታጥቦ እንደገና ታጠበ፤ በመጨረሻ በአልኮል በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ተወለወለ። «ቲነርስ?» ስለው ሼፍ ጣቱን ወዘወዘ። ፉርጎ ብረት ነው፤ ቲነር ይችላል። ፕላስቲክን ግን ቲነር ቆሻሻውን ትቶ ራሱን ፕላስቲኩን ሊበላው ይችላል።

አርማውን ያነሳችልኝ ፀሐይ ናት። እኩለ ቀን ላይ ሳጥኑን አውጥቼ ባቆመው ሙጫው ለሰለሰ፤ ከጥጉ በጥፍር ይዤ ስስበው ተላጠ። ጥላው ግን ቀረ። ለዓመታት ተሸፍኖ የኖረው ፕላስቲክ ዙሪያውን ካለው ይበልጥ ነጭ ስለነበር፣ ሁለቱ እጆች ወይም የማሽላው ዛላ ከበፊቱ ይልቅ ጠርቶ ታየ። በዚያ ስታልፍ የነበረች ጎረቤታችን ቆም ብላ «አደሳችሁት እንዴ? ጥሩ ነው፤ ዘይቱም ሊመጣ ነው ማለት ነው» ብላ ሄደች።

ቀጥሎ ፍተጋው ነው። ሼፍ ብርጭቆ ወረቀቱን በጣቴ ብቻ እንድይዘው አልፈቀደም፤ ጣት ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ወረቀቱ ደልዳላ ነገር ላይ መጠቅለል አለበት። ደልዳላው ነገር የተገኘው ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ነው፤ ሶሉ በቢላዋ ተቆርጦ ወረቀቱ ተጠቀለለበት። ባለ 320ውን ውኃ ውስጥ ነክሬ ጀመርኩ። ውኃው መጀመሪያ ወተት ይመስላል፤ ስትጠርገው ሥሩ ያለው ፕላስቲክ ብርሃኑን አጥቶ ፈዝዞ ይታያል። የሚያብለጨልጭ ነጥብ ካየህ እዚያ ገና አልደረስክም። የጭረቱን ዳርና ዳር እያሰፋህ፣ እያለዘብክ ትሄዳለህ፤ ዋናው ጉድጓዱን ማጥፋት ሳይሆን ጉድጓዱ ከየት እንደሚጀምር እንዳይታወቅ ማድረግ ነው። ዓይን እዚህ ላይ ዋጋ የለውም። ሼፍ «ጨፍን» ይለኛል፤ እጨፍናለሁ፤ መዳፌን ይዞ በሳጥኑ ላይ ይጎትተዋል። ዓይኔ ልስልስ ነው ያለውን ቦታ መዳፌ «ኧረ እዚህ ጋ ገደል አለ!» ይላል። ጥፍር ከያዘው፣ ቀለምም ይይዘዋል። የግመሏ ጽሑፍ በፍተጋ ብቻ አልጠፋም፤ እሷ የምትጽፈው ለዘለዓለም ነው።

በውኃ የሚፈተግ ወረቀት ራሱ ዕድሜው ረጅም አይደለም። ፍራንሲስ ኦኪ የሚባል የፊላዴልፊያ የማተሚያ ቀለም ሠሪ ውኃ የማያበላሸውን ብርጭቆ ወረቀት ፈጠረ፤ ሦስት ኤም የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከእሱ ገዝቶ እ.ኤ.አ. በ1921 ለገበያ አወጣው። ከዚያ በፊት መኪና ሲፈተግ አቧራው በሠራተኛው ሳንባ ውስጥ ነበር የሚያርፈው። ሼፍ ይህን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ፤ ነገሩን ቀድሞ የሚያውቀው ይመስላል፣ በወረቀት ሳይሆን በሳል።

አንድ ነገር የገባኝ ይኼኔ ነው። ሳጥኖቹ ደጅ ከወጡበት ሰዓት ጀምሮ ዙሪያዬን ከብቦኝ የነበረው ሕዝብ፣ ብርጭቆ ወረቀቱ ውኃ ውስጥ ሲገባ የለም። አንዱ ስልክ ተደወለለት፤ አንዱ ሰላት ደረሰበት፤ አንዱ ሚስቱ ጠራችው፤ ሚስት የሌለውም ሚስቱ ጠራችው። ለሦስተኛው ወረቀት እጄን ዘርግቼ «አቀብሉኝ እስቲ» ስል ያቀበለኝ ሼፍ ብቻ ነው። መጋላ ውስጥ ብቻውን መሆን የሚፈልግ ሰው ወደ በረሃ መሄድ አያስፈልገውም፤ ብርጭቆ ወረቀት ይያዝ።

ለግመሏ ጽሑፍ ስቱኮ መጣ። ስቱኮ ለብቻው አይደርቅም፤ ማድረቂያ የሚሉት ቀይ ቅባት በትንሹ ይቀላቀልበታል። ብልቃጡ ላይ የተጻፈው መጠን ግን የድሬን ፀሐይ ለማያውቅ አገር ነው። ሙቀት ማድረቂያውን ያፋጥነዋል፤ እዚህ እንደተጻፈው ካቦካኸው ሳጥኑ ሳይደርስ ማንሻው ላይ ድንጋይ ይሆናል። ጥቂት ጥቂት እያቦካን፣ በስሱ እየሞላን፣ ሲደርቅ እየፈተግን ደጋገምን። ስቱኮ በአንዴ ተቆልሎ ከተለጠፈ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ዛሬ የደፈንከው ጉድጓድ በወሩ ተመልሶ ይመጣል።

ፕራይመሩ አመድማ ነበር። ጠዋት ረጭቼ ሲደርቅ ሁለቱ ሳጥኖች ጭረትም አርማም የሌላቸው፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት፣ ልስልስ አመድማ ሆነው ቆሙ። ይኼኔ ሕዝቡ ተመለሰ። ስልኩም አልቋል፤ ሚስትም ጉዳይዋን ጨርሳለች። «ወላሂ አምሯል!» «እንኳን ደስ አለህ!» «ማን ቀባው?» ተባለ። አንዱማ ከሳጥኑ አጠገብ ቆሞ ፎቶ ተነሳ። «ገና እኮ ነው፤ ይሄ ከሥር የሚቀባው ነው» ስል ሁሉም ተገረመ፤ ተገርሞም አላበቃ። ገና ከሆነማ ገና ቀለም አልተመረጠም ማለት ነው። ቀለም ካልተመረጠ ደግሞ ስብሰባ አለ።

ስብሰባውን የከፈተው የድሬዳዋ ከተማ ክለብ ደጋፊ ነው። ብርቱካናማዎቹ ተብሎ በሚጠራ ክለብ ከተማ ውስጥ ሌላ ቀለም ማሰብ ክህደት መሆኑን አስረዳ። «እንግሊዝ አገር ሂዶ ቀይ የሚለብስ ሰው ለከተማው ብርቱካን ይከብደዋል?» አለ፤ ይህን ሲል የአርሴናል ማሊያ ለብሶ ነበር። ሁለተኛው ጥቁር አለ፤ ጥቁር ክብር አለው። ሦስተኛው ጥቁር ሳጥን በድሬ ፀሐይ ውስጡ ያለውን ጫት ቀቅሎ እንደሚያወጣው አስታውሶ ተቃወመ፤ የጫት ጉዳይ ሲነሳ ጥቁር ያለ ድምፅ ወደቀ። ነጭ ያለው ሰው በደቻቱ አሸዋ ተመታ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ መጋላ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚያመሽ ነገር የለም። ሳንቡሳ የምትጠብሰው አዴ አረንጓዴ አለች፤ ምክንያት አልሰጠችም፤ ምክንያትም የጠየቃት የለም፤ የነገው ሳንቡሳ በእጇ ነው።

ከጥግ የተቀመጠ፣ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ይጽፍ የነበረ ጎረቤታችን እጁን አወጣ። «ለመሆኑ ሊብሬው ላይ ቀለሙ ምን ይላል?» አለ። እውነቱን ነው፤ ሊብሬ ላይ የተሽከርካሪው ቀለም ይጻፋል፤ ሞተሩን እንዳሻህ ቀለም ለውጠህ ብትነዳ ትጠየቃለህ። ግን ሳጥኑ የሞተሩ አካል ነው ወይስ ጭነት? ክርክሩ እዚህ ላይ ጋለ። «የሚፈታ ነገር አካል አይደለም» አለ አንዱ። «ጎማም ይፈታል!» አለ ሌላው። «ባርኔጣህን ስትቀይር መታወቂያህን ትቀይራለህ?» ተባለ። ስብሰባው ያለ ውሳኔ ለበርጫ ተበተነ፤ በርጫው ላይም ቀጥሎ፣ ሲመረቅን ጉዳዩ ከሳጥን አልፎ ወደ መርከብ ቀለም እንደተሸጋገረ ሰማሁ።

ውሳኔውን የሰጠሁት ብቻዬን ነው። መጋላ በሙሉ ድምፅ የተስማማበት ቀለም አንድ ብቻ ነው፤ አመድማ። ያውም ፎቶ የተነሱበት። አመድማ ደግሞ አቧራን ይችላል፤ ከጥቁር ያነሰ ይግላል፤ ነገ የሚመጣውንም ጭረት እንደ ነጭ አያሳጣም። ከሱቁ አመድማ ቀለም አመጣሁ።

ድሬ ውስጥ ቀለም የሚረጨው ከሱብሂ ሰላት በኋላ፣ ፀሐይ ሳትቆጣ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ፍየልና ሕፃን ሳይነቃ ነው። ስፕሬይ ጣሳ ሁሉ ከ50 ዲግሪ በላይ ሙቀት እንዳይነካው ተጽፎበታል፤ እዚህ በፀሐይ የተረሳ ጣሳ ይህን ማስጠንቀቂያ በቀላሉ ይጥሳል። ጣሳዎቹን ከውኃ ማድጋው አጠገብ አሳደርኳቸው። መቀባት የሌለባቸውን ቁልፍና ማጠፊያ በወረቀት ፕላስተር ሸፈንኩ። ይህቺ ፕላስተርም የመኪና ቀቢዎች ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ባለ ሁለት ቀለም መኪና ፋሽን ሲሆን፣ ቀቢዎቹ የሸፈኑበትን ወረቀት ሲያነሱ አዲሱ ቀለም አብሮ እየተላጠ ያበሳጫቸው ነበር። ሪቻርድ ድሩ የሚባል የሦስት ኤም ወጣት ሠራተኛ ያንን ብርጭቆ ወረቀት ሊያስሞክር ከሄደበት ጋራዥ ምሬታቸውን ሰምቶ ተመለሰ፤ በ1925 ፕላስተሩን ሠርቶ አመጣላቸው። ድሩ ምሬት ሰምቶ መፍትሔ ይዞ መጣ፤ የእኔ ሰፈር መፍትሔውን ይዞ ምሬት ነው የሚፈልገው።

ጣሳውን ነቀነቅኩ፤ ውስጡ ያለችው ኳስ ተንኳኳች። በሰፈሩ ፀጥታ ውስጥ ይህ ድምፅ አዛን ሆኖ አገለገለ፤ ሁለት በር ተከፈተ። ሼፍ ነፋሱን ከጀርባዬ እንዳደርግ አስቆመኝ፤ አፍንጫ ላይ የሚታሰር ጨርቅ የቀለሙን ብናኝ እንጂ ትነቱን አይይዝም፤ ደጅ መሆን እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። ከሳጥኑ አንድ ስንዝር ያህል ርቄ፣ ከዳሩ ውጭ ጀምሬ፣ ሳላቋርጥ አልፌ፣ ከዳሩ ውጭ ጨረስኩ። «ሽቶ ነው የምትቀባው በል፤ ውኃ አይደለም የምታጠጣው» አለ ሼፍ። የመጀመሪያው ዙር ሥሩን መሸፈን የለበትም፤ ጉም ሆኖ ማረፍ ብቻ ነው ያለበት። እሱ ሲጠነክር ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው። በአንዴ ልጨርስ ያለ ሰው ቀለሙ እንባ ሆኖ ይወርድበታል።

የቀረው አንድ ክዳን ነበር። ግን ሁለት የተከፈቱት በሮች አሥር ሆነው ነበርና፣ ሁሉም የሚለው ነበረውና፣ የሚለውን ሲል ፀሐይ ጣራውን ተሻግራ መጣች። ክዳኑ ጋለ። የጋለ ነገር ላይ የተረጨ ቀለም ተንጣሎ ሳይተኛ ይደርቃል፤ ላዩ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጎድጎድ ጎድጎድ ይላል። ባለሙያዎቹም ስሙን የብርቱካን ልጣጭ ነው የሚሉት። ይህን ስናገር የድሬዳዋ ከተማ ደጋፊው ከኋላ ሰማ። «አየህ አቦ! ብርቱካኑን እምቢ ብለህ ልጣጩን ወሰድክ!» ሰፈሩ ለሁለት ቀን የሳቀው በዚህ ነው። ልጣጩ በማግስቱ በባለ 1000 ወረቀትና በውኃ ተስተካክሎ፣ ክዳኑ በጠዋት በድጋሚ ተረጨ፤ የሳቀው ሰው ግን ለፍተጋው አልመጣም።

ከቀለሙ በላይ ክሊሩን ስረጭ ዝንብም መጥታ ነበር። ያልደረቀ ክሊር ላይ ዝንብ ስታርፍ የሰው ልጅ ተፈጥሮው በጣቱ ማንሳት ነው፤ አምስት እጅ አንድ ላይ ተዘረጋ። ሼፍ በሕይወቱ ያን ያህል ጮኾ አያውቅም። «ተዋት!» ጣት የሚተወው ጠባሳ ከዝንብ ይበልጣል። ዝንቧ ትደርቃለች፤ ክሊሩም ይደርቃል፤ ከዚያ በባለ 2000 ወረቀትና በሳሙና ውኃ ላዩን ዳሰስ ሲያደርጉት እግሯ እንኳ አይገኝም። ድሬ ከእኩለ ቀን በኋላ መደብ ለመደብ ጋደም ብሎ ሲቅም፣ ሳጥኖቹም ጥላ ውስጥ ተሰቅለው ሲደርቁ ዋሉ፤ ማንም ማንንም ሳይነካ። ቀለም ከዚህ የተሻለ ሰዓት የትም አያገኝም።

ሲያልቅ አልቋል አልኩ። ሳጥኖቹ ሞተሩ ላይ ተመልሰው ታሰሩ። ያ ሁሉ እጥበት፣ ያ ሁሉ ፍተጋ፣ ስቱኮው፣ ፕራይመሩ፣ ቀለሙ፣ ክሊሩ በላያቸው አለ። ሰፈሩ ወጥቶ ከበበ፤ አየ፤ አንገቱን ዘመም አድርጎ አየ። «ታዲያ መቼ ነው የምትቀባው?» አለኝ አንዱ። አመድማ ነበር፤ አሁንም አመድማ ነው። ዘይት ትጠብቅ የነበረችው ጎረቤቴ ደግሞ አርማው አለመኖሩን አይታ፣ «ፕሮጀክቱ ተዘጋ እንዴ?» ብላ ከልቧ አዘነች፤ ለእኔ ነው ያዘነችው፣ ሥራ የፈታሁ መስሏት። አዴ ግን የተለየ ነገር አመጣች፤ ቴሌቪዥኗን ካለበሰችበት የተረፈ ዳንቴል። «እንዳይጫር» ብላ ሁለቱንም ሳጥን አለበሰችልኝ። ሼፍ ዳንቴሉን ገለጥ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ መዳፉን ከዳር እስከ ዳር ጎተተው። ምንም አላለም፤ በርጩማውን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ከአትሊዬ ሰው የሚገኘው ትልቁ ምስጋና ይህ መሆኑን በኋላ ነው የነገሩኝ።

አሁን ጠዋት ጠዋት በሬ ላይ ሰልፍ አለ። አንዱ የባጃጁን በር፣ አንዱ የጋዝ ሲሊንደሩን፣ አንዷ የልጇን ብስክሌት ይዘው ይመጣሉ። የማን ቀለም ምን እንደሆነ አይጠየቅም፤ ሁሉም ገና ከቤቱ ሳይወጣ መርጦ ጨርሷል፤ ደጋፊውማ ናሙናውን በማሊያ ነው ያመጣው። ለእያንዳንዱ የተቆረጠ ነጠላ ጫማና ባለ 320 ወረቀት አዘጋጅቼ እሰጠዋለሁ። ይቀበላል፤ ያየዋል፤ ያን ጊዜ ስልኩ ይጠራል።